ዱላው ለአንተ ነው ወይስ አንተ ለዱላው?



ባለፈው ሳምንት አሜሪካ ያለ የድሮ ተማሪዬ ኢንቦክስ አደረገልኝ። «ቲቸር፣ የሥራ ባልደረቦቼ ጎልፍ አስጀመሩኝ። ያገለገለ ዱላ ገዝቼ ነበር፣ ኳሷ ግን ሁልጊዜ ወደ ቀኝ እየሄደች አስቸገረችኝ። ዘንጉ ለአንተ በጣም ደረቅ ነው አሉኝ። ይሄ የዘንግ ነገር ታሪክ ይኖረው ይሆን?»

እኔ ጎልፍ ተጫውቼ አላውቅም። ኦልድ ኤርፖርት ያለውን ሜዳ እንኳ የማውቀው ከአጥሩ ውጪ ነው። ግን ጥያቄው እንቅልፍ ነሳኝና ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ሰነበትኩ። ለእሱ የመለስኩለትን ለእናንተም ላካፍላችሁ።

የጎልፍ ዘንግ ለረጅም ጊዜ እንጨት ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሂኮሪ የሚባል የአሜሪካ ዛፍ እየተጫነ ስኮትላንድ ገባና ሌሎቹን እንጨቶች አስለቀቃቸው። ጠንካራ ነው፣ ይለጠጣል፣ ቶሎ አይሰበርም። አንድ ጠባይ ግን አለው፦ በኃይል ሲወነጨፍ ይጠመዘዛል። በዚያ ላይ እንጨት ነውና ሁለት ዘንግ አንድ ዓይነት አይሆንም። ስለዚህ ተጫዋቹ ዘንጉን አንድ በአንድ እያነሳ፣ እየወዘወዘ፣ ለእጁ የሚስማማውን ይለቅማል። ከዚያም አወነጫጨፉን ከዘንጉ ጋር ያለማምዳል። ቦቢ ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1930 በአንድ ዓመት አራቱን ታላላቅ ውድድሮች ሲያሸንፍ የያዘው የሂኮሪ ዘንግ ነበር።

በዚያን ጊዜ ግን ብረት መጥቷል። የአሜሪካው ማኅበር በ1924፣ የስኮትላንዱ ደግሞ በ1929 የብረት ዘንግ ፈቀዱ። ፋብሪካ አንድ ዓይነት ዘንግ በሺህ ማምረት ቻለ። በኋላ ከብረት የቀለለው ግራፋይት ተጨመረ። ዛሬ ዘንጉ ላይ ፊደል ይጻፍበታል፦ ከለስላሳው ወደ ደረቁ ኤል፣ ኤ፣ አር፣ ኤስ፣ ኤክስ። ቀስ ብሎ የሚወነጭፍ ለስላሳውን፣ ፈጣኑ ደረቁን ይያዝ ነው ነገሩ። የሚያስቀው፣ ለፊደሎቹ ሁሉም ፋብሪካ የተስማማበት ልኬት የለም። የአንዱ አር የሌላው ኤስ ሊሆን ይችላል! ስለዚህ ተማሪዬን ያልኩት፣ ፊደሉን ትተህ ሦስት አራት ዘንግ ተዋስና በራስህ እጅ ሞክር ነው።

ይህን ጽፌለት ሳበቃ የራሴ ነገር ትዝ አለኝ።

እኛም የምንወነጭፈው ዱላ አለን። የገና ዱላ። ጫፉ ቆልመም ያለ፣ ሩር (ጥንግ የሚሉትም አሉ) የሚመታበት። ታኅሣሥ 29 እረኞች የጌታን ልደት ሲሰሙ በደስታ በበትራቸው ተጫወቱ ከሚለው ትውፊት ጋር የተያያዘ ነው። መንደር ከመንደር ይገጥማል፣ የተጫዋች ቁጥር እንኳ ልክ የለውም። በዚያች ቀን ጌታና ሎሌ እኩል ነው፣ ጌታው ቢመታም አይቆጣም ይባላል። ዛሬ ገና ከትግል፣ ከገበጣ፣ ከፈረስ ጉግስ ጋር በባህል ስፖርት ውድድሮች ውስጥ ደንብ ወጥቶለት ይካሄዳል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚህ አስኮ፣ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ውስጥ ለባህል ቀን ገና እናጫውት ብዬ ተነሳሁ። መቼም የታሪክ መምህር ወኔ ታውቃላችሁ። አንድ አናጺ ዘንድ ሄጄ ከጣውላ ላይ ሃያ ዱላ አስቆረጥኩ፤ ሁሉም እኩል ቁመት፣ እኩል ውፍረት፣ ጫፋቸው በመጋዝ የተቀለመመ። ደስ ሲሉ! ጨዋታው በተጀመረ በሩብ ሰዓት ውስጥ ሰባቱ አንገታቸው ላይ ተሰበሩ። የአንዱ ስባሪ በአንዲት ልጅ ጆሮ አጠገብ ሽው ብሎ አለፈ። ፊቷ ላይ ቢያርፍ ዛሬ ይህን እየሳቅሁ አልጽፈውም ነበር። ጨዋታውን አስቆምኩ።

የግቢው ጥበቃ፣ የመንዝ ሰው ናቸው፣ ስባሪውን አንስተው አገላብጠው አዩት። «መምህር፣ ይሄማ አጥር ነው እንጂ ገና አይደለም» አሉኝ። «ለምን ጋሼ?» ስላቸው የእንጨቱን ጭረት በጣታቸው አሳዩኝ። ጭረቱ ቀጥ ብሎ ይወርድና ቆልማማው ጋ ሲደርስ ይቋረጣል። መጋዙ ቆርጦታል። በተፈጥሮው የጎበጠ ወይራ ወይም ክትክታ ቢሆን፣ ወይም እርጥቡ በእሳት ተለብልቦ፣ ጎብጦ፣ ታስሮ ቢደርቅ፣ ጭረቱ ከጉብጠቱ ጋር አብሮ ይዞር ነበር። አይሰበርም።

ከዚያ ልጆቹን ጠሩ። አንዱን ረጅም ልጅ ዱላውን በአንድ እጁ፣ ክንዱን ዘርግቶ እንዲይዝ አደረጉት። ጫፉ አንጓውን ወደ ታች ከጎተተው ከብዶታል ማለት ነው። አጭሯን ልጅ ከጎኗ አቆሙትና «ይሄ ለአንቺ ረዘመ፣ መሬት ትመቺበታለሽ» አሏት። በሃያ ደቂቃ ውስጥ ከቀሩት አሥራ ሦስት ዱላዎች ለልጅ የሚሆን ያገኙት አራት ብቻ ነው። እኔ ዱላዎቹ እኩል እንዲሆኑ ስደክም ልጆቹ እኩል እንዳልሆኑ ረስቼዋለሁ።

ይሄን ሁሉ በየትኛውም የማስተማሪያ መጽሐፌ ውስጥ አላገኘሁትም። ጋሼም አምና ጡረታ ወጥተው አገራቸው ገቡ። ስንት ነገር ሳልጠይቃቸው! ሩሩን ከምን ሥር ነበር የሚጠርቡት? ዱላውን ስንት ቀን ያደርቁት ነበር?

እስቲ አባቱ ወይም አያቱ ገና የተጫወቱ ካላችሁ ደውላችሁ ጠይቁልኝ። አሮጌ የገና ዱላ ግድግዳ ላይ የተሰቀለበት ቤት ካለ ደግሞ ቆልማማውን በቅርብ ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ፣ ጭረቱ እንዲታይ። የዘንድሮ ተማሪዎቼ ለገና ከወዲሁ መጠየቅ ጀምረዋል፣ እኔ ደግሞ ጣውላ ቤት አልሄድም።