ኢቨንት ዴሊጌሽን

ኢቨንት ዴሊጌሽን በጃቫስክሪፕት ለእያንዳንዱ የድረ ገጽ ኤለመንት የየራሱን ሊስነር ከመመደብ ይልቅ፣ በጋራ ወላጃቸው ላይ አንድ ሊስነር (ኢቨንት ሲከሰት የሚሠራ ኮድ) ብቻ አኑሮ ኢቨንቶችን የማስተናገድ ዘዴ ነው። ገጹ ከተከፈተ በኋላ የጽሑፍ ሳጥኖች በሚጨመሩበት ቦታ፣ ለምሳሌ ረድፍ እየተጨመረ በሚሞላ የደረሰኝ ቅጽ ላይ፣ የኪቦርድ ኢቨንቶችን ለመቀበል በእጅጉ ይጠቅማል።

አሠራር

ቁልፍ ሲጫን ብራውዘሩ «ኪዳውን» የተባለውን ኢቨንት ፎከስ ላለበት ኤለመንት ያደርሳል። ኢቨንቱ ከዚያ በወላጆች በኩል እስከ ዶክዩመንቱ ድረስ ወደ ላይ ይወጣል። በወላጁ ላይ ያለው ሊስነር የኢቨንቱን መነሻ «ታርጌት» ከሚለው ባሕርይ ያነባል፤ የሚፈለገው ዓይነት ኤለመንት መሆኑንም «ክሎዘስት» በተባለው ሜተድ ያጣራል። ማጣራቱ የሚካሄደው ቁልፉ በተጫነበት ቅጽበት ስለሆነ ዘግይቶ የመጣ ሳጥንም ያለ ተጨማሪ ኮድ ይካተታል።

አመጣጥ

ዘዴው የተመሠረተበት ሥርዓት የሁለት ብራውዘሮች ፉክክር ውጤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው ኔትስኬፕ 4 ኢቨንትን ከላይ ወደ ታች ያወርድ ነበር፤ የዚያው ዓመት ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 4 ደግሞ ከታች ወደ ላይ ያወጣ ነበር። የድር መስፈርቶችን የሚያወጣው ደብልዩ3ሲ በኖቬምበር 2000 ያጸደቀው ሁለተኛ ደረጃ የዶም (የገጹ ኤለመንቶች ሞዴል) ኢቨንት መስፈርት ሁለቱንም አስማማ፤ ኢቨንቱ መጀመሪያ ይወርዳል፣ ቀጥሎ ይወጣል። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ግን የመስፈርቱን የሊስነር አመዘጋገብ የተቀበለው በ2011 በ9ኛ እትሙ ነበር።

ዘዴውን በስፋት ካስለመዱት መካከል ጄኩዌሪ የተባለው የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ ይገኝበታል። በ2009 በ1.3 እትሙ ያቀረበው «ላይቭ» የተባለ ሜተድ ኢቨንቱ ሁሉ ዶክዩመንቱ ድረስ እንዲዘልቅ ስለሚያደርግ፣ በትልልቅ ገጾች ላይ ሊዘገይ ይችል ነበር። «ላይቭ» በ2011 በ«ኦን» ተተካ፤ በ2013 ከ1.9 እትም ወጣ። ሌላው የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ ሪአክትም በ2020 በ17ኛ እትሙ ሊስነሮቹን ከዶክዩመንቱ ወደ መተግበሪያው ሥር ኤለመንት አዛውሯል።

ገደቦች

«ፎከስ» እና «ብለር» የተባሉት ኢቨንቶች ወደ ላይ አይወጡም፤ በምትካቸው «ፎከስኢን» እና «ፎከስአውት» ያገለግላሉ። «ኪፕረስ» የተባለው የኪቦርድ ኢቨንት ደግሞ አሁን አይመከርም።

የግዕዝ ፊደል

በላቲን ቁልፎች ግዕዝ በሚጻፍበት ጊዜ አንድ ፊደል ብዙውን ጊዜ ከአንድ በላይ ቁልፍ ይጠይቃል። «ኪዳውን» የሚናገረው ስለ ቁልፉ ስለሆነ፣ ሳጥኑ ውስጥ የገባውን ፊደል ላያሳይ ይችላል። ስለዚህ አማርኛ የሚቀበል ገጽ ሲሠራ «ኪዳውን»ን እንደ ኢንተር ላሉ ትእዛዞች ማዋል፣ ጽሑፉን ግን «ኢንፑት» ከተባለው ኢቨንት ማንበብ ይገባል። ይህም ኢቨንት ወደ ላይ ስለሚወጣ በዚያው ወላጅ ላይ ሊያዝ ይችላል።