«ሥላሴ» የማን ስም ነው?

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ተማሪ «ቲቸር፣ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ላስት ኔም ሥላሴ ነው አይደል?» ብሎ ጠየቀኝ። በልጁ አልፈርድም፤ ብዙ የውጭ ጋዜጣም «ሥላሴ» ብቻ ብሎ ይጠራቸዋል።

ንጉሡ በ1884 ዓ.ም. ኤጀርሳ ጎሮ፣ ሐረር አካባቢ ሲወለዱ የወጣላቸው ስም ተፈሪ ነበር፤ የሚፈራ፣ የሚከበር ማለት ነው። አባታቸው ራስ መኮንን፣ አያታቸው ወልደ ሚካኤል ይባላሉ። ኃይለ ሥላሴ የክርስትና ስማቸው ነው። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭኑ ይህንኑ የንግሥና ስም አደረጉት። የፈረስ ስማቸው ደግሞ አባ ጠቅል ነበር። ጃማይካ ውስጥ የተነሡት ራስ ተፈሪያውያን ግን መጠሪያቸውን የወሰዱት ከዘውዱ በፊት ከነበረው ማዕረግና ስም ነው። እንግዲህ ይህ ሁሉ ስም እያለ አንዱም የቤተሰብ ስም አይደለም።

«ኃይለ ሥላሴ» በሁለት ቃል ቢጻፍም አንድ ስም ነው። በግዕዝ «ኃይል» ወደ «ኃይለ» ሲለወጥ ከሚቀጥለው ቃል ጋር ይያያዛል፤ የሥላሴ ኃይል ማለት ይሆናል። ገብረ ማርያም የማርያም አገልጋይ፣ ወለተ ጊዮርጊስ የጊዮርጊስ ልጅ ናት። ከዐረብኛ የመጣው አብዱልቃድርም እንዲሁ ነው፤ የሁሉን ቻዩ አምላክ አገልጋይ። ስሙን ቆርጣችሁ «ገብረ» ብቻ ብትሉ «የማን?» የሚል ጥያቄ ይቀራል።

እዚህ ሀገር ቅጽ ስንሞላ ግን ስማችን የሚቆረጠው በዚህ መንገድ ነው። «ገብረ» አንድ ሳጥን ውስጥ፣ «ማርያም» ሌላው ውስጥ ይገባል። ስለዚህ እንዲህ ዓይነት ስም ያላችሁ ሳትነጣጥሉ ገጥማችሁ ጻፉት። አንዴ ተለያይቶ ከተመዘገበ ማስተካከሉ ጣጣው ብዙ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ብዙዎቹ ልጆቻችን ትምህርት ቤት በላስት ኔም ሲጠሩ የሚጠሩት በአያታቸው ስም ነው። ማን እንደነበሩ ግን ክፍል ውስጥ ስጠይቃቸው ብዙዎቹ ዝም ይላሉ።

ለመጪው ቅዳሜ የቤት ሥራው የእናንተም ነው። ልጃችሁ ስሙን እስከ አያቱ በአማርኛ ይጻፍ። ስሙን ማን እንዳወጣለትና ለምን እንደሆነ ንገሩት። እናንተም የማታውቁት ካለ እናታችሁ ጋ ወይም አክስታችሁ ጋ ደውሉና ልጁ ራሱ ይጠይቅ። የሚያውቁት ሰዎች በሕይወት ሳሉ ይጠየቁ።