መጽሐፉ የት ያድራል?

የምህንድስና ተማሪ ሳለሁ ከጓደኞቼ ጋር ለአንድ የጣና ገዳም የብራና መጻሕፍት መመዝገቢያ ሶፍትዌር ሠርተን ነበር። ማንንም ሳንጠይቅ ነው የጨረስነው። ላፕቶፓችንን ታቅፈን ከባሕር ዳር በጀልባ ተሻገርን። ዕቃ ቤቱን የሚጠብቁት አባት ስለ ፎቶ ጥራት፣ ስለ ፍለጋ ፍጥነት የለፈለፍነውን ሁሉ በትዕግሥት ሰሙና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁን፦ «ልጆቼ፣ ፎቶው የት ነው የሚያድረው?»

«ሰርቨሩ ውጭ አገር ነው» አልናቸው። ፈገግ አሉ። ዳቦ ቆርሰው ሰጡን፣ በልተን ተመለስን። እዚያ ሶፍትዌር ላይ እስከ ዛሬ አንድ መጽሐፍ አልተመዘገበም።

ያኔ በጣም ተናድጄ ነበር። በኋላ ታሪኩን ሳነብ ግን ሰውየው ልክ ነበሩ። በ1868 (እ.ኤ.አ.) የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ከዘረፋቸው መጻሕፍት ብዙዎቹ ዛሬም ለንደን ናቸው። በ1932 የፈረንሳይ የምርምር ቡድን ጎንደር ከሚገኘው አባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን የግድግዳ ሥዕሎቹን ነቅሎ ወደ ፓሪስ ወሰደ፤ በቦታቸው ቅጂ ለጠፈ። ዋናው ሄደ፣ ቅጂው ለእኛ ቀረ። በደብተርና በካሜራ የሚመጣን ሁሉ በጥርጣሬ ማየት ከዚህ የተወረሰ ትምህርት ነው።

ይህን ነገር የገለበጠ አንድ ሽርክና አለ። በ1973 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን፣ ሚኒሶታ ኮሌጅቪል ያለው የቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲና የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ቤተ መጻሕፍትን፣ በአጭሩ ኢ.ኤም.ኤም.ኤልን፣ ጀመሩ። ከገንዘቡ ብዙው የመጣው ከአሜሪካ መንግሥት የሰብአዊ ጥናት ድጎማ ነው። ስምምነቱ ቀላል ነበር፦ መጽሐፉ ከባለቤቱ ጋር ይቀራል፤ የፊልሙ አንድ ቅጂ አዲስ አበባ፣ ሌላው ኮሌጅቪል ይቀመጣል። አሁን ቅጂው ሄደ፣ ዋናው ቀረ።

ኮሌጅቪል ያሉትም ቢሆኑ የቤኔዲክት መነኮሳት ናቸው። ቤተ መጻሕፍታቸው በ1965 የተመሠረተው ሌላ ጦርነት የአውሮፓን ገዳማት መጻሕፍት እንዳያጠፋ በመስጋት ነው፤ መጀመሪያም የኦስትሪያ ገዳማትን ነበር ፊልም ያነሡት። ጥያቄው ከጣና መነኮሳት ጥያቄ ብዙም አይርቅም።

ሥራው በተጀመረ በዓመቱ አብዮት ፈነዳ። ማንሣቱ ግን አልቆመም፤ እስከ 1990ዎቹ ድረስ 9,000 ገደማ መጻሕፍት ተነሡ። ፊልም ብቻውን ግን ድምፅ የለውም፤ ውስጡ ምን እንዳለ የሚነግር ሰው ይፈልጋል። ያ ሰው ጌታቸው ኃይሌ ነበሩ። የዩኒቨርሲቲ መምህር ሳሉ ደርግን ተቃወሙ። በ1975 ወታደሮች ሊይዟቸው ቤታቸው ሲመጡ በተከፈተው ተኩስ ቆሰሉ፤ ከዚያ በኋላ በእግራቸው አልቆሙም። በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው፣ ከአገራቸው ርቀው፣ ያገራቸውን መጻሕፍት ገጽ በገጽ አነበቡ። በ1988 የማክአርተር ፋውንዴሽን ሽልማት ተሰጣቸው፤ በ2021 አረፉ።

እንደ ሶፍትዌር ሠሪ ካያችሁት ዩኒቨርሲቲው መሣሪያና ባለሙያ፣ ገንዘብ ሰጪው ጊዜ፣ ቤተ ክርስቲያኗ ደግሞ እምነት አመጡ ማለት ነው። ሦስተኛው በገንዘብ አይገዛም። በብራናዎቹ ላይ መጽሐፉን የሰረቀውን ወይም የፋቀውን የሚያወግዝ ጽሑፍ ታገኛላችሁ፤ የይለፍ ቃል ከመፈጠሩ በፊት ጥበቃው ግዝት ነበር። ያንን በር የሚከፍተው ግዝቱን የሚያምን ሰው ብቻ ነው።

ጎዶሎም አለው። የታተመው ካታሎግ 10 ቅጽ ደርሶ ቁጥር 5000 ላይ ቆመ። ከጣና ቂርቆስ የተነሣው እጅግ ጥንታዊ የድርሳናት ስብስብ ቁጥሩ 8509 ነው። ከዚያ በፊትም፣ በ1968፣ ኤርንስት ሐመርሽሚት የተባሉ ምሁር የጣና ደሴቶችን መጻሕፍት ፊልም አንሥተው ነበር፤ የክብራን ገብርኤል ካታሎግ በ1973፣ የዳጋ እስጢፋኖሱ ግን በ1999 ወጣ፣ ያውም በጀርመንኛ። ዛሬ ከኢ.ኤም.ኤም.ኤል. ፊልሞች ብዙዎቹ በኢንተርኔት በነጻ ይነበባሉ። ባሕር ዳር ካፌ ቁጭ ብዬ በስልኬ ከፍቼ አይቻለሁ። ደሴቱ ላይ ያሉት አባት ግን ያንን ስልክ አልያዙም።

ባለፈው ዓመት ላፕቶፕ ሳልይዝ ተመልሼ ሄድኩ። ዕቃ ቤቱን አሁንም የሚጠብቁት እኒያው አባት ናቸው። ኢንተርኔት የማይፈልግ፣ እዚያው ገዳሙ ውስጥ የሚቀመጥ፣ ቁልፉ በእጃቸው የሚሆን ነገር መሥራት እንደምችል ነገርኳቸው።

«ሲበላሽስ ማን ይመጣል?»

«እኔ፣ አባ።»

«እስከ መቼ?»

ለዚህ መልስ አልነበረኝም። አሁን በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ እየተሻገርኩ ከገዳሙ ዲያቆናት ሁለቱን አስተምራለሁ። ሶፍትዌሩን ገና አልጀመርነውም።