ምጣዱ የተከራይዋ፣ መስመሩስ የማን?

ከማኅበራችን ብድር ከሚጠየቅባቸው ዕቃዎች አንዱ የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። ተበዳሪዋ አብዛኛውን ጊዜ ተከራይ ናት። ቤቱ የሌላ ሰው፣ ምጣዱ የእሷ። ይህ ልማድ እንዴት እንደመጣ ለአባላትና ለደጋፊዎቻችን ማስታወስ ፈለግን።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አከራይ ቤቱን ለታሰበለት አገልግሎት በሚሆን ሁኔታ እንዲያስረክብ ያዛል። በእኛ አገር ግን ባዶ ቤት ሲባል የእውነት ባዶ ነው። ባለቤቱ ግድግዳና ጣራ ይሰጣል፤ ጉልቻውን፣ ምጣዱንና የከሰል ምድጃውን ይዛ የምትገባው ሴቲቱ ናት። ምጣዱ የሸክላ፣ ማገዶው የገበያ ስለነበር ነገሩ ብዙ አያከራክርም፤ አከራዩ ዘንድ የሚደርሰው ጭሱ ብቻ ነው።

በሐምሌ 1967 አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። የወር ኪራያቸው ከ100 ብር ያልበለጠ ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ፤ ኪራያቸውም ተቀነሰ። ቅናሹ ለድሃ ቤተሰብ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ይህን አናቃልልም። ነገር ግን በብዙ የቀበሌ ግቢዎች ማድ ቤቱ የጋራ ነው፣ ከኪራዩ የሚሰበሰበው ገንዘብም ለጥገና አይበቃም። ጣራው ሲያፈስ ቀበሌው ማመልከቻ ይቀበላል፤ ላስቲክ የሚያለብሱት ግን እዚያው የሚጋግሩት ሴቶች ነበሩ። ሂሳብ እንደሚይዝ ሰው ስናየው፣ ከኪራዩ የጎደለው በሴቶች ጉልበት ተሞልቷል። በየትኛውም መዝገብ ግን አልሰፈረም።

የኮንዶሚኒየም ግንባታ ሲጀመር ከየሕንፃው አጠገብ ለመጋገሪያ፣ ለዕርድና ለልብስ ማጠቢያ የሚሆን የጋራ ቤት ተሠራ። ቢያንስ እንጀራው የት እንደሚጋገር ያሰበ ሰው ነበር ማለት ነው።

ጥያቄውን የለወጠው የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል፤ ለዚህ የሚችል ሽቦ ይፈልጋል። ምጣዱ የተከራይዋ ቢሆንም መስመሩና ቆጣሪው የአከራዩ ናቸው። አንድ ቆጣሪ ባለበት ግቢ “ምጣድ አይገባም” የሚል ቅድመ ሁኔታ የመጣው ከዚህ ነው። ስድስት ቤተሰብ ያላት እናት እንጀራ ከሱቅ ትገዛለች፤ ጋግራ የምትሸጠዋ ደግሞ ሥራዋን ታጣለች። ለሥራ ማስኬጃ ያበደርነው ምጣድ አልጋ ሥር ተቀምጦ ብድሩ ይከፈላል። ስለዚህ ዛሬ ከአከራይ የሚጠየቀው ምጣድ ይግዛልን ሳይሆን ምጣድ የሚሸከም መስመር ነው።

በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ደንግጓል። ቃል ብቻ የነበረው ነገር ወረቀት ላይ ወርዷል። ለምጣድ ብድር የሚመጡ አባላትን ውላቸውን ይዘው እንዲመጡ እየጠየቅን ነው፤ መጋገሪያ ቦታው፣ መስመሩና የቆጣሪው ክፍያ ተጽፎ እንደሆነ ከእነሱ ጋር እናነባለን። ካልተጻፈም ከመፈረማቸው በፊት አከራዩን አነጋግረው ያስጽፋሉ።