«አለኝ» እንዴት ኀላፊ ጊዜ ሆነ?

ፈረንሳይኛ የተማረ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ሳያስገርመው አይቀርም። ፈረንሳዊው «ተናገርኩ» ለማለት ሲፈልግ «ዤ ፓርሌ» ይላል፤ ቃል በቃል ቢፈታ «የተነገረ አለኝ» እንደ ማለት ነው። ላለፈና ላለቀ ነገር የ«አለኝ»ን ግስ ምን አመጣው? እኔም ቋንቋውን መማር ከጀመርኩ አንሥቶ ይኸ ጥያቄ ከአእምሮዬ ወጥቶ አያውቅም። መልሱን ፍለጋ የሰዋስው መጻሕፍትን ሳገላብጥ የጠበቀኝ ግን ደረቅ ሕግ ሳይሆን ታሪክ ነው፤ ተናጋሪው ሕዝብና ሊቃውንቱ «የቋንቋው ባለቤት ማነው?» በሚል ለዘመናት የተሟገቱበት ታሪክ። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው ከላቲን ነው። የሮም ሰው «ጻፍኩ» ለማለት ረዳት ግስ አያሻውም ነበር፤ «ስክሪፕሲ» ብሎ በአንድ ቃል ይጨርሰዋል። ከዚህ ጎን ለጎን ግን «ሀቤዎ ሊቴራስ ስክሪፕታስ» የሚል አነጋገር ነበረ፤ «የተጻፈ ደብዳቤ አለኝ» ማለት ነው። ማን እንደ ጻፈው አነጋገሩ አይገልጽም፤ ቁም ነገሩ ደብዳቤው መኖሩ ነው። ይሁን እንጂ የተጻፈ ደብዳቤ በእጁ ያለ ሰው ብዙውን ጊዜ ጸሐፊው ራሱ ነውና፣ ትርጉሙ ቀስ በቀስ ወደ «ደብዳቤ ጽፌአለሁ» ተሸጋገረ። «አለኝ» ንብረቱን ተገፎ የሌላ ግስ አገልጋይ ሆነ። ፈረንሳይኛ ይህንን ረዳት «አቧር» ይለዋል።

ሁለተኛው ረዳት «ኤትር»፣ ማለትም «መሆን» ነው። የላቲኑ «ሞርቱስ ኤስት» በፈረንሳይኛ «ኢል ኤ ሞር» ሆነ፤ «ሞተ» ማለትም፣ «ሙት ነው» ማለትም ነው። መሄድ፣ መምጣት፣ መድረስ፣ መወለድ፣ መሞት፣ የሰውን ስፍራ ወይም ሁኔታ የሚለውጡት እነዚህ ግሶች ከ«መሆን» ጋር ቀሩ። ብናስተውለው ፍርዱ ትክክል ነው፤ የጻፈ ሰው የጻፈው ነገር ይኖረዋል፤ የሞተ ሰው ግን የሚሆነው እንጂ የሚኖረው ነገር የለም።

እኛስ ብንሆን? «ጽፌአለሁ» ስንል «ጽፌ» በሚለው ቦዝ አንቀጽ ላይ «አለሁ»ን ቀጠልን። «መጥቶ ነበር» ስንልም «ነበር»ን በረዳትነት ጠራን። መኖርን የሚነግረን «አለ»፣ ገንዘባችንን የምንቆጥርበት «አለኝ»፣ የተፈጸመውን የምንናገርበት «ጽፌአለሁ» ሥራቸው አንድ ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይዛመዱና ሳይመካከሩ ተመሳሳይ መንገድ ሄደዋል።

ወደ ፈረንሳይ እንመለስ። ከላቲን የተወረሰው ባለ አንድ ቃል ኀላፊ ጊዜም አልሞተም ነበር። ስለዚህ ቋንቋው ሁለት ኀላፊ ጊዜያት ይዞ ኖረ። በ«እኔ» መደብ ድምፃቸውን አድምጡ፤ አንዱ «ዠ ፓርሌ»፣ ሌላው «ዤ ፓርሌ» ነው። ሊቃውንቱ ድንበር ሊያበጁላቸው ተነሡ። አንትዋን አርኖና ክሎድ ላንስሎ በ1660 ባወጡት የፖር ሮያል ሰዋስው ባለ አንድ ቃሉ ቢያንስ ትናንት ለተፈጸመ ነገር ብቻ ይሁን አሉ፤ ዛሬ ለሆነው ባለ ረዳቱ። ይህ ሐሳብ ከእነርሱም የቀደመ ነበር። በ1637 የኮርኔይ «ለ ሲድ» የተሰኘው ተውኔት ታላቅ ክርክር ባስነሣ ጊዜ፣ በ1635 የተቋቋመው የፈረንሳይ አካዳሚ ካወጣቸው ነቀፌታዎች አንዱ፣ በመካከል ሌሊት ሳያልፍ ባለ አንድ ቃሉን ግስ ተጠቀመ የሚል ነበር!

ሊቃውንቱን ያስጨነቃቸው ሌላም ጉዳይ አለ። በ16ኛው ምዕተ ዓመት ባለቅኔው ክሌማን ማሮ፣ ተሳቢው ስም ከግሱ ቀድሞ ከመጣ ግሱ በፆታና በቁጥር ይስማማው ሲል በግጥም መከረ፤ አርአያውም ጣልያንኛ ነበር። «የተጻፈ» የሚለው ቃል የደብዳቤው ቅጽል የነበረበት ዘመን ጠባሳ ነው ልንለው እንችላለን። ይህ ሕግ እስከ ዛሬ የተማሪዎች ራስ ምታት ነው። በ1900 የትምህርት ሚኒስትሩ ዦርዥ ሌግ ሕጉን የሚያላላ ትእዛዝ አወጡ፤ አካዳሚው ግን ተቃወመና በ1901 የወጣው ሁለተኛ ትእዛዝ ፈቃዱን አጠበበው።

ሊቃውንቱ የፊደሉን ስምምነት ማስጠበቅ ችለዋል። የጊዜውን ድንበር ግን ሊያስጠብቁ አልቻሉም። ተናጋሪው ሕዝብ ትናንትን ከዛሬ ሳይለይ ለሁሉም ባለ ረዳቱን ወሰደ፤ ባለ አንድ ቃሉ ከአንደበት ወጥቶ በልብ ወለድ፣ በተረትና በታሪክ መጻሕፍት ተጠለለ። በ1942 ደግሞ አልቤር ካሙ «ባይተዋሩ» የተሰኘውን ልብ ወለዱን በአብዛኛው በዚያው በመንገድ ላይ ቋንቋ ሲተርክ፣ መጠለያው ራሱ ተደፈረ።

እኔን የሚያሳስበኝ ከዚህ የምንማረው ነው። ስለ አማርኛ መበላሸት ስንነጋገር ብዙ ጊዜ ሕግ አውጪ እንሻለን። ሕግ ጽሕፈትን ያርማል፤ ይጠብቃልም። ግን ለፈረንሳዊው ትናንቱን የሚናገርበትን ጊዜ የሠራለት አካዳሚ አይደለም። የሠሩት ስማቸው ያልተጻፈ፣ «የተጻፈ ደብዳቤ አለኝ» ሲሉ «ጽፌአለሁ» ማለታቸው የነበሩ ሰዎች ናቸው። ለቋንቋችን የሚጨነቅ ሰው ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት ጆሮውን ቢያቀና መልካም ነው እላለሁ።