ሣጥን ሻጩ ተረቱንም ይንገረን?

አፕል ስልክና ኮምፒውተር ሠርቶ የሚሸጥ ኩባንያ ነው። ኖቬምበር 1 ቀን 2019 ግን የራሱን ድራማና ፊልም የሚያሳይበት አገልግሎት ከፈተ። ዋጋው በወር 4.99 ዶላር ነበር፤ አዲስ አይፎን፣ አይፓድ ወይም ማክ ለገዛ ደግሞ የመጀመሪያው ዓመት በነጻ። ያን ጊዜ ብዙ ሰው «ስልክ ሠሪ ስለ ድራማ ምን ያውቃል?» ብሎ ነበር። በማርች 2022 አፕል መብቱን ገዝቶ ያወጣው «ኮዳ» የዓመቱ ምርጥ ፊልም ተብሎ ኦስካር ወሰደ። ከኢንተርኔት የፊልም አገልግሎቶች ሁሉ ይህን ሽልማት ያገኘ የመጀመሪያው ሆነ። ጠያቂዎቹም ዝም አሉ።

ቀድሞውኑ ጥያቄው ልክ አልነበረም። ዕቃ ሠሪ ኩባንያ ጥሩ ፕሮግራም መሥራት ይችላል፤ ከመቶ ዓመት በላይ ሲሠራ ኖሯል። መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው፦ ፕሮግራሙ ከዕቃው ንግድ ጋር የተጋጨ ቀን ማን ያሸንፋል? የዚህ መልስ ታሪክ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከኤዲሰን እንጀምር። ቶማስ ኤዲሰን በ1893 በኒው ጀርሲ «ብላክ ማሪያ» የተባለ የፊልም ስቱዲዮ ሠራ። የኪነ ጥበብ ፍቅር አልነበረም ያሠራው። አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ በቀዳዳ የሚያይበት «ኪኔቶስኮፕ» የተባለ ማሽን ነበረው፤ ማሽኑ ያለ ፊልም አይሸጥም። በኤፕሪል 1894 ኒው ዮርክ ውስጥ ማሽኖቹን የደረደረ የመጀመሪያው ቤት ተከፈተ፤ ሰው ከፍሎ ማየት ጀመረ።

እስከዚህ ድረስ ማንም አልተጎዳም። ችግሩ የመጣው በ1908 ነው። ኤዲሰንና ሌሎች የፓተንት ባለቤቶች አንድ ማኅበር አቋቋሙ። በካሜራውና በማሳያው ላይ መብት ስላላቸው፣ ከእነሱ ፈቃድ ያላገኘ ሰው ፊልም መሥራትም ማሳየትም አይችልም አሉ። ማሽኑን የያዘ፣ ማን ታሪክ እንደሚናገር ወሳኝ ሆነ። እንቢ ያሉት በፍርድ ቤት ተከራከሩ፤ ብዙዎቹም ከኒው ዮርክ ርቀው ወደ ካሊፎርኒያ ሄዱ። ካርል ሌምሊና ዊልያም ፎክስ ከእነዚህ እምቢ ባዮች ነበሩ፤ ዩኒቨርሳልና ፎክስ የተባሉት ስቱዲዮዎች ከእነሱ እጅ ወጡ። በ1915 ፍርድ ቤት የማኅበሩን አሠራር ሕገ ወጥ አለው። በ1918 ኤዲሰን ከፊልም ሥራ ጨርሶ ወጣ።

ሬዲዮም የጀመረው በዚሁ መንገድ ነው። ዌስቲንግሃውስ የኤሌክትሪክ ዕቃ አምራች ነበር። በፒትስበርግ ከተማ ፍራንክ ኮንራድ የተባለ መሐንዲሱ ከቤቱ ሙዚቃ ያስተላልፍ ነበር፤ አንድ ሱቅም ይህን ለመስማት የሚያገለግል ሬዲዮ እንደሚሸጥ በጋዜጣ አስታወቀ። የኩባንያው ኃላፊ ማስታወቂያውን አይቶ ነገሩ ገባው፦ ጣቢያ ካለ ሬዲዮ ይሸጣል። ኖቬምበር 2 ቀን 1920 ኬዲኬኤ የተባለው ጣቢያ ሃርዲንግና ኮክስ የተወዳደሩበትን የፕሬዚዳንት ምርጫ ውጤት አሰማ። ትርፉ የሚጠበቀው ከመቀበያው ሽያጭ ነበር።

ከዚያ አርሲኤ መጣ። ይህ ሬዲዮ ሻጭ ኩባንያ በ1926 ኤንቢሲን አቋቋመ። ድርሻው 50 በመቶ የአርሲኤ፣ 30 በመቶ የጄነራል ኤሌክትሪክ፣ 20 በመቶ የዌስቲንግሃውስ ነበር፤ ሦስቱም ዕቃ ሠሪዎች። በምሥረታው ጊዜ ባወጣው ማስታወቂያ አርሲኤ ምክንያቱን አልደበቀም፦ ሬዲዮ በብዛት የምንሸጠው እኛ ስለሆንን፣ ጥሩ ፕሮግራም መኖሩ ከማንም በላይ የሚጠቅመው እኛን ነው አለ።

ግልጽነቱን አደንቃለሁ። ሥራውም የሚናቅ አልነበረም። የአርሲኤው ዴቪድ ሳርኖፍ በ1937 ለታላቁ ሙዚቀኛ አርቱሮ ቶስካኒኒ አንድ ሙሉ የሲምፎኒ ኦርኬስትራ አቋቁሞለታል፤ ገበሬውም ሠራተኛውም ቤቱ ሆኖ በነጻ ይሰማ ነበር።

ቀለም ቴሌቪዥን ሲመጣ ደግሞ ነገሩ ፍንትው ብሎ ታየ። አርሲኤ በ1954 የመጀመሪያውን ባለ ቀለም ቴሌቪዥኑን በ1,000 ዶላር ለገበያ አቀረበ። ማን ይግዛው? በቀለም የሚታይ ነገር በጣም ጥቂት ነበር። ተፎካካሪው ሲቢኤስ በቀለም ለመሥራት አልቸኮለም፤ ቢሠራ የሚጠቀመው ቴሌቪዥኑን የሚሸጠው አርሲኤ ነበርና። ስለዚህ ኤንቢሲ ብቻውን ገፋበት። በ1959 «ቦናንዛ» በቀለም ጀመረ። በ1961 የዋልት ዲዝኒ ፕሮግራም ወደ ኤንቢሲ ዞረ፤ «ቀለም» የሚለው ቃል ርእሱ ውስጥ ገባ፣ ስፖንሰሮቹም አርሲኤና ኮዳክ ነበሩ። በ1965 መጸው የኤንቢሲ የምሽት ፕሮግራም ከሞላ ጎደል በሙሉ በቀለም ነበር። ዕቃ ሻጩም ተመልካቹም ተጠቀሙ።

ታዲያ አርሲኤ ለምን እንደ ኤዲሰን ማኅበር አልሆነም? ሳርኖፍ ከኤዲሰን የተሻለ ሰው ስለነበረ አይመስለኝም። ከላዩ ሕግ ነበረ። በ1932 መንግሥት በመሠረተው ክስ የተነሳ ጄነራል ኤሌክትሪክና ዌስቲንግሃውስ ከአርሲኤ እንዲወጡ ተደረገ። ኤንቢሲ ሁለት መረቦች ነበሩት፤ የመገናኛ ኮሚሽኑ ሁለት መያዝ አይቻልም አለ፣ በ1943 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የኮሚሽኑን ሥልጣን አጸና፣ አንደኛው መረብ ተሸጠ። ዛሬ ኤቢሲ የምንለው ያ የተሸጠው ነው። ኤንቢሲ ያልተናገረውን ሌላው የሚናገርበት ቦታ ተገኘ ማለት ነው።

አሁን ወደ ጃፓን እንሻገር። ሶኒ በ1975 ቤታማክስ የተባለውን የቪዲዮ መቅረጫ አወጣ፤ ቪኤችኤስ አሸነፈው። የሶኒው አኪዮ ሞሪታ ከዚህ ሽንፈት አንድ ትምህርት ወሰደ፦ የራሳችን ፊልም ቢኖረን ኖሮ ማሽናችን ይሸጥ ነበር። ስለዚህ ሶኒ በ1988 ሲቢኤስ ሬከርድስን በ2 ቢሊዮን ዶላር፣ በ1989 ኮሎምቢያ ፒክቸርስን በ3.4 ቢሊዮን ዶላር ገዛ። ማትሱሺታ (ፓናሶኒክ የምንለው) ተከትሎ በ6 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የዩኒቨርሳልን ባለቤት ኤምሲኤን ወሰደ።

ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር ይባላል። በ1994 ሶኒ በፊልም ሥራው 2.7 ቢሊዮን ዶላር ከመዝገቡ ሰረዘ። ማትሱሺታ በ1995 የኤምሲኤን 80 በመቶ ለመጠጥ ኩባንያው ለሲግራም ሸጦ ወጣ።

ከገንዘቡ ኪሳራ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላኛው ነው። ዎክማንን የፈጠረው ሶኒ የዲጂታል ሙዚቃ ዘመን ሲመጣ ከማንም ይቀድማል ተብሎ ነበር። ግን በአንድ ቤት ሁለት ጌታ ነበረ። ዕቃ ሠሪው ክፍል ሰው እንደልቡ የሚጠቀምበት ማጫወቻ መሸጥ ይፈልጋል፤ የሙዚቃው ክፍል ዘፈን እንዳይቀዳ ይፈራል። የሶኒ አዲሶቹ ማጫወቻዎች ሰው ሁሉ የሚጠቀምበትን ኤምፒ3 ለዓመታት በቀጥታ አላጫወቱም። በ2001 አይፖድን ይዞ የመጣው አፕል አንድም የሙዚቃ ኩባንያ አልነበረውም፤ የሚጠብቀው የዘፈን ሀብት ስላልነበረው ነጻ ሆኖ ሮጠ። ዛሬ የፊልም ባለቤት የሆነው ያው አፕል ነው።

እዚህ ላይ ማይክሮሶፍትንም ማንሳት ተገቢ ነው። ለኤክስቦክስ ፕሮግራም የሚሠራ ስቱዲዮ በ2012 አቋቁሞ ከሲቢኤስ ያመጣትን ናንሲ ቴለምን ኃላፊ አደረገ። በ2014 ሠራተኛ ሲቀንስ ስቱዲዮውን ዘጋው። ለሳጥኑ ጌጥ ተብሎ የተቀጠረ ሥራ፣ ወጪ መቀነስ የመጣ ቀን መጀመሪያ የሚነካው እሱ ነው።

አሁን ወደ አፕል እንመለስ። አብዛኛው አይፎን የሚገጣጠመው ቻይና ነው፤ ቻይና ትልቅ ገበያውም ናት። ጆን ስቱዋርት በ2021 በአፕል ላይ የወቅታዊ ጉዳይ ፕሮግራም ጀመረ። በኦክቶበር 2023 ተቋረጠ። ኒው ዮርክ ታይምስ እንደዘገበው ካለመግባባቱ ምክንያቶች መካከል ቻይናና ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነበሩ። በኋላ የአሜሪካ ምክር ቤት ስለ ቻይና ያቋቋመው ኮሚቴ መሪዎች አፕልን በደብዳቤ ማብራሪያ ጠየቁ። በኤፕሪል 2024 ስቱዋርት ወደ ድሮ ጣቢያው ተመልሶ፣ በትልልቅ ኩባንያዎች ላይ ክስ ትመራ የነበረችውን የንግድ ኮሚሽን ሊቀመንበር ሊና ካንን እንግዳ አደረጋት። በአፕል ሳለ እሷን እንዳይጋብዝ ተጠይቆ እንደነበር የነገራት እዚያው ነው።

ልብ በሉ፤ ፕሮግራሙ መጥፎ ነው ያለ የለም። የተጋጨው ከዕቃው ንግድ ጋር ነው።

«የማስታወቂያ ድርጅቶችስ ጣቢያዎችን ዝም ያሰኙ የለም?» የሚል ይኖራል። ያሰኛሉ። ነገር ግን አንድ አስታዋቂ ቢያኮርፍ ሌላ ይመጣል። የቤቱ ባለቤት ሲያኮርፍ የት ይኬዳል? «ከድራማ ማትረፍ የማይጠበቅበት ሀብታም ባለቤት ለደራሲ ነጻነት ይሰጣል» የሚልም አለ። ይህም እውነት አለው፤ በአፕል ገንዘብ ሌላ ቤት የማይደፍራቸው ጥሩ ተከታታዮች ተሠርተዋል። ነጻነቱ ግን አጥር አለው፤ አጥሩ የቆመበትን ቦታ ተመልካቹ አያየውም። የተሠራውን እናያለን፣ ያልተሠራውን አናይም።

ስለዚህ ዕቃ ሠሪ ድራማ ይሥራ ወይስ አይሥራ? ይሥራ። ግን ታሪኩ በጎ የሆነበትን መንገድ እንይ። ዛሬ ሶኒ ከኪሳራው በኋላ የደረሰበት አሠራር ይሻላል፦ የሶኒ ስቱዲዮ «ብሬኪንግ ባድ»ን ሠርቶ ለኤኤምሲ ሸጠ፤ ለማየት የሶኒ ቴሌቪዥን አያስፈልግም። ሥራው በራሱ እግር ቆሞ ለፈለገ ሁሉ ይሸጣል። ሁለተኛው የሕግ ጉዳይ ነው። በ1915፣ በ1932፣ በ1943 የተደረገው ተመሳሳይ ነው፦ ማሽኑን የያዘ፣ መናገሪያውን ሁሉ ጠቅልሎ እንዳይይዝ መከልከል። ሦስተኛው፣ ወቅታዊ ጉዳይ የሚሠራ ሰው ከእንዲህ ዓይነት ቤት ጋር ሲዋዋል «ሥራዬን ካልፈለጋችሁት ይዤው ልወጣ» የሚል አንቀጽ ያስገባ።

ይህ ነገር የአሜሪካ ብቻ አይደለም። ቴክኖ ስልክን የሚያመርተው የቻይናው ትራንሽን ከ2011 ጀምሮ ኢትዮጵያ ውስጥ ስልክ ይገጣጥማል፤ በአማርኛ መጻፊያም የታወቀ ነው። የሙዚቃ አገልግሎቱ ቡምፕሌይም በስልኮቹ ላይ ተጭኖ ይመጣል። ዛሬ ዘፈን ነው፤ ነገ ድራማ፣ ከነገ ወዲያ ዜና ሊሆን ይችላል። ዘፈኑም ድራማውም ይምጣ፤ ዘፋኞቻችንና ተዋንያኖቻችን እንጀራ ይፈልጋሉ። ዜናውን ግን ከስልኩ ሻጭ ብቻ እንዳንሰማ ከወዲሁ እናስብበት።