የከሰዓት በኋላው ጊዜ የማን ነበር? የተማሪ ሥራና የተማሪ ስፖርት በትምህርት ታሪካችን

በመምህራን ስብሰባም ሆነ በወላጆች ጉባኤ ደጋግሞ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ከክፍል ውጭ ያለውን ጊዜ እየሠራ ገንዘብ ቢያገኝበት ይሻላል ወይስ ኳስና ሩጫ ቢለማመድበት የሚለው ነው። አንደኛው ወገን ሥራ ኃላፊነትን ያስተምራል፣ ቤተሰብንም ይደጉማል ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ስፖርት አካልን ያጠነክራል፣ ከአልባሌ ቦታ ይጠብቃል፣ ከጓደኛ ጋር መተባበርን ያስለምዳል ሲል ይሟገታል። ይህ ጸሐፊ ሁለቱንም ክርክር ለብዙ ዓመታት አዳምጧል፤ በወጣትነቱም በሁለተኛው ወገን ተሰልፎ በብርቱ ተከራክሯል። ይሁን እንጂ ወደ ትምህርት ታሪካችን መለስ ብሎ ለተመለከተ ሰው የጥያቄው አቀራረብ ራሱ ጉድለት ያለበት ሆኖ ይገኛል። ተማሪው ሲሠራም ሆነ ሲጫወት የኖረው መምህራን ከሁለቱ አንዱን መርጠውለት አይደለም። ነገሩን የወሰኑት ምሳውን የሚያበላው ማን እንደሆነና የት/ቤቱ የሰዓት ድልድል እንዴት እንደወጣ የሚያሳዩት ሁኔታዎች ናቸው።

ከዘመናዊው ትምህርት አስቀድሞ የነበረውን የቤተ ክህነት ትምህርት እንመልከት። የቆሎ ተማሪ ከወላጆቹ ቀዬ ርቆ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቦ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጃፉ ይዞር ነበር። ልመናው ትሕትናን የሚያስተምር የሥርዓቱ አካል መሆኑ አያጠራጥርም። ከኑሮ አኳያ ሲታይ ግን ተማሪው በየቀኑ ለእንጀራው የሚያውለው የሥራ ሰዓት ነበር፤ እንጨት መልቀሙና ውኃ መቅዳቱም በዚሁ ላይ ይጨመራል። እየሠሩ መማር ለአገራችን እንግዳ ነገር ነው የሚል ሰው ካለ ይህን ቢያስታውስ መልካም ነው። ለሰውነት እንቅስቃሴ ተብሎ የተመደበ ሰዓት ግን በዚህ ሥርዓት ውስጥ አልነበረም።

የገጠሩ ልጅ ጨዋታ ደግሞ የራሱ ወቅት ነበረው። የገና ጨዋታ የሚደምቀው በታኅሣሥ፣ አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ ነው። በሬው ሲያርፍ፣ አውድማው ባዶ ሲሆን፣ እረኛውም ጌታውም እኩል ሩር ይመታሉ። በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም የሚባለውም ስለዚሁ ነው፤ ልብ ብሎ ላስተዋለው ግን አባባሉ በሌላው ጊዜ ጌታ እንደሚቆጣ ጭምር ይናገራል። ጨዋታ የሚፈቀደው ሥራ ሲለቅ ነው ማለት ነው። የሴት ልጅ ሥራ ግን ከአዝመራ ጋር ስለማያልቅ ለእርሷ የሚለቀቀው ጊዜ እጅግ ያነሰ ነበር።

የዳግማዊ ምኒልክ ት/ቤት በ1900 ዓ.ም.፣ የተፈሪ መኰንን ት/ቤት በ1917 ዓ.ም. ሲከፈቱ በትምህርታችን ውስጥ አዲስ ዓይነት ተማሪ ታየ። ይህ ተማሪ፣ በተለይም አዳሪው፣ ስለ ዕለት እንጀራው አያስብም፤ ቀለቡ የሚቆረጥለት ከመንግሥት ነውና። ከጠላት ወረራ በኋላ በ1935 ዓ.ም. ኮተቤ ላይ የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ት/ቤትና በ1938 ዓ.ም. የተከፈተው ጄኔራል ዊንጌትም አዳሪ ት/ቤቶች ነበሩ። ስፖርት በትምህርታችን ሥር የሰደደው በእንዲህ ያሉ ቅጥር ግቢዎች መሆኑ በአጋጣሚ አይመስለኝም። ምሳውን በልቶ፣ መኝታው ከዚያው ሆኖ፣ ከክፍል ሲወጣ የሚጠብቀው ከብትም ገበያም የሌለው ወጣት ሜዳ ሊወርድ ይችላል። የተፈሪ መኰንን ት/ቤት ተማሪ የነበሩት ይድነቃቸው ተሰማ በ1928 ዓ.ም. በተመሠረተው በቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ ተጫውተው፣ ኋላም በ1964 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት እስከ መሆን ደርሰዋል። ስጦታቸው የራሳቸው ነው፤ ይሁን እንጂ ስጦታ የሚወጣው መውጫ ሰዓት ሲያገኝ ነው።

ትምህርት ከጥቂቶች ወደ ብዙኃኑ ሲስፋፋ ይህ ሁኔታ አልቀጠለም። ተማሪው በዛ፤ የመማሪያ ክፍል ግን በዚያው ልክ አልተሠራም። መፍትሔ ሆኖ የተወሰደው ፈረቃ ነው፤ ግማሹ ተማሪ ከጧት እስከ ቀትር፣ ግማሹ ከቀትር በኋላ መማር ጀመረ። ይህ አሠራር የክፍል እጥረትን ለመሸፈን የመጣ እንጂ ስለ ተማሪው ሥራ ታስቦ የወጣ አልነበረም። ውጤቱ ግን ያልታሰበ ሆነ። የቀኑ እኩሌታ ባዶ ሲሆን ለድኃ ልጅ እየሠሩ መማር የሚቻል ነገር ሆነለት። ስሙን ከጣልያንኛ የወረሰው ሊስትሮ፣ ጋዜጣና ሎተሪ አዟሪው፣ ሱቅ በደረቴው፣ የታክሲ ረዳቱ ከመካከላቸው ስንቱ የፈረቃ ተማሪ እንደነበረ በከተማ ት/ቤት ያስተማረ መምህር ሁሉ ያውቃል። ፈረቃን ስንወቅስ ኖረናል፤ ወቀሳውም ተገቢ ነው፤ የትምህርቱን ሰዓት አሳጥሯልና። ነገር ግን ብዙ ልጆችን ከት/ቤት ጋር አያይዞ ያቆየውም ይኸው የተወቀሰው አሠራር መሆኑ ሊካድ አይገባም።

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ሥራና ትምህርትን በዓላማ ደረጃ ለማዋሐድ ተሞከረ። በ1967 ዓ.ም. በተጀመረው የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ 60 ሺህ ያህል የሁለተኛ ደረጃና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተሠማሩ። «ትምህርት ለምርት፣ ለሳይንሳዊ ምርምርና ለፖለቲካ ንቃት» የሚለውም መርሕ የሥርዓተ ትምህርቱ መመሪያ ሆነ። የት/ቤት ጓሮ አትክልትና የእጅ ሥራ የዚሁ መግለጫዎች ነበሩ። ይህ ጸሐፊ በልጅነቱ በት/ቤት ጓሮ ጎመን ኮትኩቷል፤ ሥራውንም አልጠላውም። የዚያ ሥራ ጠባይ ግን ከሊስትሮው ሥራ የተለየ ነበር። ሊስትሮው የሠራበትን ሳንቲም ማታ ለእናቱ ያስረክባል፤ የጓሮው ጎመን ግን የደከመበትን ተማሪ ቤት አያበላም። በመሆኑም መርሑ ስለ ሥራ ክቡርነት ቢያስተምርም የዕለት ገቢ ለሚያስፈልገው ልጅ ከሰዓት በኋላውን አላቀለለለትም።

በዚህ ላይ ይህ ጸሐፊ ራሱ የፈጸመውን ስሕተት መጥቀስ ይገባዋል። በ1990ዎቹ አጋማሽ ከአዲስ አበባ ውጭ በምትገኝ አንዲት ከተማ የታሪክ መምህር ሳለ የት/ቤቱን የእግር ኳስ ቡድን ደርቦ ይመራ ነበር። ከተጫዋቾቹ መካከል በግራ እግሩ የሚጫወት አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበር፤ ኳስ ሲይዝ የአካባቢው ሰው በአጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ያየዋል። ልምምዱ 10 ሰዓት ላይ ነበር። ልጁ ዘወትር ያረፍዳል፤ 11 ሰዓት ሲቃረብም ሹልክ ብሎ ይጠፋል። ሁለት ጊዜ ተመከረ፤ በሦስተኛው ከቡድኑ ተሰረዘ። ወር ያህል ቆይቶ የግቢው ዘበኛ፣ «መምህር፣ ያ ልጅ እኮ ሣጥኑን እኔ ዘንድ እያኖረ ነበር ወደ ሜዳ የሚሮጠው» ሲሉ ነገሩኝ። ሣጥኑ የጫማ ማስዋቢያ ሣጥን ነው፤ 11 ሰዓት ደግሞ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ወደ ቤቱ የሚመለስበት፣ ለሊስትሮ ከቀኑ ሁሉ የተሻለው ሰዓት ነው። ልጁ ከሥራና ከስፖርት አንዱን አልመረጠም ነበር፤ ሁለቱን ለማቻቻል ይሮጥ ነበር። በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ትምህርቱንም ተወ። ኳሱ ይሆን ከት/ቤቱ ጋር አያይዞት የቆየው? እርግጠኛ ሆኖ መናገር አይቻልም፤ እኔ ግን እንደዚያ አምናለሁ። ልምምዱ 10 ሰዓት ላይ የሆነውም በሌላ ምክንያት አልነበረም፤ ለመምህሩ ስለተመቸ ነው።

ሕጉስ ምን ይላል? አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመቀጠር ዝቅተኛውን ዕድሜ 15 ዓመት አድርጓል፤ ቀድሞ በአዋጅ ቁጥር 42/1985 የተደነገገው 14 ዓመት ነበር። ወጣት ሠራተኛ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓትም በሥራ ላይ እንዳይሰማራ ይከለክላል። ድንጋጌው መልካም ነው፤ ነገር ግን ለተማሪው ጉዳይ ሁለት ክፍተቶች ይታዩበታል። አንደኛ፣ ሰባት ሰዓት የሙሉ ቀን ሥራ ነው፤ ከክፍል ወጥቶ ሰባት ሰዓት የሚሠራ ልጅ ጥናትም እንቅልፍም አይኖረውም። ሁለተኛና ዋናው፣ አዋጁ የሚናገረው ስለ አሠሪና ሠራተኛ ነው። ሊስትሮው አሠሪ የለውም፤ ከትምህርት መልስ እንጀራ የምትጋግረውና ውኃ የምትቀዳው ልጅ ደግሞ ጭራሽ ሠራተኛ ተብላ አትጠራም። ተማሪዎቻችን ከሚሠሩት ሥራ የሚበዛው በዚህ ከሕግ ዓይን በተሰወረ ክፍል ውስጥ ስለሚውል፣ ከመንግሥት ሠራተኞች ሁሉ ቀድሞ የሚያየው የክፍል ኃላፊው መምህር ነው።

ሁለቱ ነገሮች ተቻችለው የታዩበትን ቦታ ለሚፈልግ ሰው አርሲን ማየት ይጠቅማል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በልጅነቱ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ት/ቤት ይሮጥ እንደነበረ፣ ደብተሩን ሸጉጦ የመሮጥ ልማዱም በግራ ክንዱ አያያዝ ላይ እንደቀረ በሰፊው ይነገራል። እንግዲህ ለእርሱ መንገዱ ራሱ የልምምድ ሜዳ ሆነለት፤ ከቤት ሥራው የተቀነሰ ሰዓት አልነበረም። በቆጂ ላይ ደግሞ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር የነበሩት ስንታየሁ እሸቱ እንደ ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ያሉትን ወጣቶች ኮትኩተዋል። ደራርቱ ከብት ስትጠብቅ ያደገች ልጅ ናት፤ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ኦሊምፒክ የ10 ሺህ ሜትር ወርቅ አግኝታለች። በበቆጂ ልምምዱ በማለዳ መሆኑን መምህራን ልብ ሊሉት ይገባል። ማለዳ ገበያው ገና አልቆመም፤ ትምህርቱም አልተጀመረም። ሩጫ ሜዳም ኳስም አይጠይቅም፤ ከልጁ የሚፈልገው ሰዓት ብቻ ነው፤ ያም ሰዓት ሌላ ባለቤት ከሌለው ሥፍራ ላይ ተገኘለት።

ነገር ግን ይህንኑ ምሳሌ በጥንቃቄ መያዝ ያስፈልጋል። አበበ ቢቂላ በጳጉሜን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ ሲያሸንፍ ደመወዝ የሚከፈለው የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር፤ እንጀራው ውትድርናው እንጂ ሩጫው አልነበረም። ዛሬ ግን ሩጫ ራሱ ሥራ ሆኗል፤ ሽልማቱ ገንዘብ ነው። በዚህም የተነሣ በማለዳ የሚሮጠው የአርሲ ወጣት እየተጫወተ ነው ወይስ ሥራ እየፈለገ? የሚሳካለት ጥቂቱ ነው፤ ደብተሩን ጥሎ የሚሮጠው ግን ከዚያ ይበዛል። እንዲህ ሲሆን «ስፖርት ከሥራ ይሻላል» የሚለው ክርክር ትርጉሙን ያጣል፤ መምህሩ ሊጠይቀው የሚገባው ልጁ ከሩጫው በኋላ ወደ ክፍል ይመለሳል ወይስ አይመለስም የሚለውን ነው።

ለዕቅድ አውጪዎች ደግሞ ከዚህ ታሪክ የሚወጣ ከባድ ጉዳይ አለ። የፈረቃ ትምህርት ቀርቶ የሙሉ ቀን ትምህርት እንዲሆን የምንደክመው በትክክለኛ ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ የሙሉ ቀን ትምህርት ሲመጣ ለሚሠራው ልጅ ያ ግማሽ ቀን ይጠፋል፤ ከሥራና ከስፖርት ሳይሆን ከሥራና ከት/ቤት እንዲመርጥ ይገደዳል። አዲስ አበባ ውስጥ በ2012 ዓ.ም. የተስፋፋው የተማሪዎች ምገባ የቀድሞው አዳሪ ት/ቤት ይሰጥ ከነበረው ነገር አንዱን፣ ይኸውም ምሳውን፣ ለብዙ ሕፃናት መልሷል። ምገባው የተመደበው ግን ለቅድመ መደበኛና ለመጀመሪያ ደረጃ ተማሪዎች ነው። ልጁ ወደ ዘጠነኛ ክፍል ሲያልፍ፣ ማለትም ጉልበቱ ለገበያ በሚፈለግበት ዕድሜ፣ ምሳው ይቋረጥበታል።

በማስተምርበት ኮሌጅ ዕጩ መምህራን በየዓመቱ የአንድ ት/ቤት የሰዓት ድልድል አውጥተው እንዲያቀርቡ ይደረጋል። ባለፉት ዓመታት ጸሐፊው አንድ መመሪያ ጨምሮበታል፤ ድልድሉን ከማውጣታቸው በፊት ሃያ ተማሪዎችን ትናንት ከሰዓት በኋላ የት እንደዋሉ እንዲጠይቁ ነው። ሊስትሮው፣ ከብት ጠባቂው፣ እናቱን ጉሊት የሚያግዘው፣ ውኃ የምትቀዳው ሁሉ በመልሶቹ ውስጥ ይገኛሉ፤ ዕጩዎቹም መልሱን በጥንቃቄ መዝግበው ያመጣሉ። የስፖርት ልምምዱን ሰዓት ሲጽፉ ግን አብዛኞቹ አሁንም 10 ሰዓት ላይ ያደርጉታል።